የቱኒሱ ሊቅ ኢብን ዓሹርና የ39 ዓመቱ ተፍሲር

ቁርኣንን ምዕራፍ በምዕራፍ፣ አንቀጽ በአንቀጽ እየተከተሉ የቃሉን ፍች፣ የሰዋስዉን አገባብና የመልእክቱን ምስጢር የመግለጹ ሙያ በእስልምና ትምህርት ተፍሲር ይባላል። ሙያው ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ፣ በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት የጻፏቸው ተፍሲሮች ብቻቸውን አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሞላሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት መካከል በዐረብኛ ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ከበሬታ ካገኙት አንዱ፣ በቱኒዝያ ተደርሶ ዛሬ በአብዛኛው በ15 ቅጾች ተጠርዞ የሚገኘው አትተሕሪር ወትተንዊር የተባለው ሥራ ነው። ደራሲው ሼኽ ሙሐመድ አጥጣሂር ኢብን ዓሹር በ1879 ተወልደው በ1973 ያረፉ፣ መምህር፣ ዳኛ፣ ሙፍቲና የትምህርት አስተዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ነባር ትምህርት ጉዳይ ሲነሣ፣ በአገራችንም ሆነ በሌላ አገር፣ ሁለት ዐይነት ፍርድ መስማት የተለመደ ነው። አንዱ ወገን ነባሩ ትምህርት አእምሮን የሚያስር የቃል ድገማ ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ አንዲት ነጥብ እንኳ ሊነካ የማይገባው ቅርስ ነው ይላል። የኢብን ዓሹር ሕይወት ለሁለቱም የሚመች አይደለም። በሞት ከተለዩት ታላላቅ ሊቃውንት ጋር የተከራከሩትም፣ በሕይወት ያለውን ገዥ ፈቃድ ሳይፈጽሙ የቀሩትም፣ በዚያው ከአባቶቻቸው በተቀበሉት ትምህርት መሣሪያ ነበርና። የመምህራን መጽሔት አንባቢ በዚህ ሰው ታሪክ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢያጠፋ የማይቆጨው ስለዚህ ይመስለኛል።

የኢብን ዓሹር ቤተሰብ ከእስጳንያ ምድር፣ ከአንዳሉስ፣ በስደት ወጥቶ በሞሮኮ በኩል ወደ ቱኒስ የገባ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዚያ የሰፈረ የሊቃውንት ዘር ነው። ስማቸውን የወረሱላቸው የአባታቸው አባት በ19ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የቱኒስ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። በእናታቸው በኩል ያሉት አያት ሙሐመድ አልዓዚዝ ቡ አቱር ደግሞ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቱኒዝያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ሲሆኑ፣ ሕፃኑ የተወለደውም ከቱኒስ ከተማ ወጣ ብላ በባሕር ዳርቻ ባለችው በአልመርሳ፣ በእኚሁ አያት ቤት ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን መጽሐፍ፣ በሌላው ወገን መንግሥት የከበበው ልጅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 1881፣ የፈረንሳይ ጦር አገሪቱን ይዞ የባርዶን ውል አስፈረመ። ቱኒዝያ በስም የቤይ ግዛት፣ በተግባር የፈረንሳይ ጥገኛ ሆነች። ኢብን ዓሹር 77 ዓመት እስኪጠጉ ድረስ የኖሩት በዚሁ አገዛዝ ሥር ነው።

ልጁ እንደ ደንቡ ቁርኣንን በቃሉ ይዞ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዘይቱና መስጊድ ትምህርት ቤት ገባ። በመካከሉም ፈረንሳይኛ ተምሯል። ዘይቱና በሰሜን አፍሪካ ከነበሩት የትምህርት ማእከሎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዓምዶቹ ሥር መምህሩ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ተማሪው ዙሪያውን ከቦ፣ አንድ ኪታብ ከነማብራሪያው፣ ማብራሪያው ደግሞ ከነኅዳግ ማስታወሻው ይነበባል። ወጣቱ ከተማረባቸው መምህራን ሳሊም ቡ ሓጂብ የተባሉት አረጋዊ ልዩ ሥፍራ አላቸው። ቡ ሓጂብ በ1875 የሳዲቂያን ኮሌጅ ያቋቋሙት የታላቁ የለውጥ አራማጅ የኸይረዲን ፓሻ ባልደረባ የነበሩ፣ ነባሩን ዕውቀት ጠንቅቀው እያወቁ ለአዲሱ ዓለም ዐይናቸውን ያልጨፈኑ ሰው ነበሩ። ደቀ መዝሙራቸው በ1899 የዘይቱናን የማጠናቀቂያ ምስክርነት አግኝቶ ወዲያው በዚያው ማስተማር ጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶም በሳዲቂያ ኮሌጅ ተጨማሪ የማስተማር ሥራ ተሰጠው። በአንዱ ቤት የምንጣፍ ትምህርት፣ በሌላው ቤት ጥቁር ሰሌዳና የክፍል ደወል ነበር። በሁለቱ መካከል መመላለሱ በወጣቱ መምህር ላይ ምን ዐይነት ጥያቄ እንዳስነሣበት ከመጀመሪያው መጽሐፉ መረዳት ይቻላል።

በ1903 የግብጹ ሙፍቲ ሙሐመድ ዓብዱህ ቱኒስን ለሁለተኛ ጊዜ ጐበኙ። ዓብዱህ በዚያን ዘመን በአልአዝሃር መስጊድ የሚሰጡት የተፍሲር ትምህርት በመላው የዐረብ ዓለም ይወራ ነበር። ዓላማቸው ቁርኣንን ከሰዋስው ክርክርና ከተረት ክምችት አውጥቶ ለሕዝቡ መምሪያ ማድረግ ነበር። የሃያ አራት ዓመቱ ኢብን ዓሹር ከእንግዳው ጋር ተገናኙ፤ ከለውጥ አራማጆቹም ወገን ተቈጠሩ። ነገር ግን መንገዳቸው የተለየ ሆነ። የዓብዱህ ትምህርት በደቀ መዝሙራቸው በረሺድ ሪዳ እጅ እየተጻፈና እየተስፋፋ አልመናር በተባለው መጽሔት ቢወጣም፣ ከ12ኛው ምዕራፍ ሳያልፍ ሪዳ በ1935 ዐረፉ። ኢብን ዓሹር ግን ሰዋስዉንና የንግግር ጥበብን አልተዉም። ለእርሳቸው የለውጡ በር እሱው ራሱ ነበር።

ወደ ተፍሲሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ወጣትነት መጽሐፋቸው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የጻፉት፣ ርእሱ ንጋቱ ቅርብ አይደለምን የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ፣ በእስላም አገሮች ስላለው የትምህርት ውድቀት የሚመረምር ነው። እዚህ ላይ ደራሲው የገዛ ቤታቸውን አልማሩም። ተማሪው በዘይቱና ብዙ ዓመት ሰዋስው ተምሮ አንዲት ደብዳቤ በንጹሕ ዐረብኛ መጻፍ የሚያቅተው ለምንድን ነው? መምህሩ የመጽሐፉን ሐሳብ ሳይሆን የመጽሐፉን ቃላት ሲፈታ የሚውለው ለምንድን ነው? ፈተናው ማስተዋልን ሳይሆን ሽምደዳን የሚመዝነው ለምንድን ነው? እነዚህንና የመሳሰሉትን ጥያቄዎች እያነሡ፣ ስለ ሰዋስው፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሐዲስ ትምህርት ለየብቻ ምክንያቱን ይዘረዝራሉ። ተፍሲር ላይ ሲደርሱም የሙያው መዳከም ዋና ምንጭ፣ ተርጓሚው ከአፍ የተላለፈውን ሁሉ፣ ደካማም ቢሆን፣ መደገምን ብቻ እንደ ጥንቃቄ መቍጠሩ ነው ይላሉ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ብዕራቸውን ያነሡበት ሥራ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ተዘርቶ ይገኛል። መጽሐፉ ራሱ የታተመው በ1967፣ ጸሐፊው የ88 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ ነው። እንዲህ ዐይነቱን ሒስ ስድሳ ዓመት ይዞ መቈየት ፍርሃት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰውየው ሐሳባቸውን ከማሳተም ይልቅ በየኮሚቴው ለመፈጸም መርጠው ነበር፤ በ1910 የዘይቱና ተማሪዎች የትምህርቱ አሰጣጥ እንዲሻሻል አድማ ካደረጉ ጀምሮ ትምህርቱን ለማደስ በተደረጉት ጥረቶች ውስጥ ስማቸው አልጠፋም።

በ1913 የማሊኪ ሥርዐት ቃዲ ሆነው ተሾሙ። የቁርኣንን ተፍሲር የመጻፍ ምኞት ከቀድሞ ጀምሮ በልባቸው ቢኖርም፣ የፍርድ ቤቱ ሥራ አላፈናፍን እንዳላቸው ራሳቸው በመቅድማቸው ይገልጻሉ። ዐሥር ዓመት በዚህ ዐይነት አለፈ። ከችሎት ወጥተው ወደ ሙፍቲነት ሲዛወሩ ግን ፋታ አገኙ፤ በ1341 ዓመተ ሂጅራ፣ ይኸውም በ1923 አካባቢ፣ ጀመሩት።

እዚህ ላይ ስለ ተፍሲሩ አሠራር ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል፤ የሰውየው እውነተኛ የሕይወት ታሪክ ያለው እዚያ ነውና። የመጽሐፉ ሙሉ ርእስ ረጅም ሲሆን፣ ቀናውን ትርጉም አጥርቶ ማውጣትና አዲሱን አእምሮ ማብራት የሚሉ ሁለት ዓላማዎችን በአንድነት የያዘ ነው። በመቅድሙ፣ በቀደሙት ሊቃውንት ሥራ ፊት የሚቆሙ ሰዎችን በሁለት ይከፍሏቸዋል፤ አንዱ አባቶች በሠሩት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ድንጋይ የማይጨምር፣ ሁለተኛው ዘመናት የገነቡትን ለማፍረስ ዶማ የሚያነሣ። ሁለቱም ጐጂ ናቸው ይላሉ። የራሳቸው መንገድ የቆመውን ሕንፃ መመርመር፣ የጐደፈውን ማጥራት፣ የጐደለውንም መጨመር እንደሆነ ያስታውቃሉ። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ በሥራ የዋለው ግን በ30 የቁርኣን ክፍሎች ላይ ነው።

ከመቅድሙ ቀጥለው ዐሥር መግቢያዎች አሉ። ጊዜ የሌለው አንባቢ እነዚህን ብቻ ቢያነብ የመጽሐፉን አከርካሪ ያገኛል። ሦስተኛው መግቢያ በአሮጌው ጥያቄ ላይ ያተኰረ ነው። ይኸውም ተርጓሚ ከነቢዩና ከባልደረቦቻቸው በቃል የተላለፈውን ብቻ መድገም አለበት ወይስ በራሱ አስተውሎት መናገር ይችላል የሚለው ነው። በራስ አስተያየት ቁርኣንን መተርጐም የሚያስጠይቅ ኃጢአት መሆኑን የሚያስጠነቅቁ ቃሎች ስላሉ፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ኢብን ዓሹር የሚመልሱት እንደ ዳኛ ማስረጃ እያቀረቡ ነው። ተፍሲር ማለት የተላለፈው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ገጾች ብቻ በወጣው ነበር፤ የነቢዩ ባልደረቦችና ከእነርሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድም በብዙ አንቀጾች ላይ የተለያየ ፍች መስጠታቸው፣ ከራሳቸው አስተውሎት ጭምር ይናገሩ እንደነበር ያሳያል። የተወገዘው አስተያየት በዕውቀት ያልተደገፈው፣ የቋንቋውንና የሕጉን መሠረት ሳይዙ የሚሰነዘረው፣ ወይም አስቀድሞ ለያዙት ወገንተኝነት ቃሉን የሚጐትተው ነው። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፤ ቁልፉ ግን በቅድሚያ መማር ነው።

በአገራችን ያለው ልማድ እዚህ ላይ ለመረዳት ይረዳል። በወሎና በሌሎችም የእስልምና ትምህርት ማእከሎች ደረሳው ከነህው ጀምሮ፣ ፊቅህን አልፎ፣ ተፍሲር ላይ ሲደርስ በብዛት የሚቀራው በ15ኛው መቶ ዓመት ሁለት የግብጽ ሊቃውንት በተከታታይ የጻፉት አልጀላለይን የተባለ አጭር ኪታብ ነው። አጭር ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ሰዋስው ያላወቀ ሰው አንድ መስመር አይፈታም። የአገሬው ሼኽ ለተማሪው እየተረጐመ የሚያስረዳበትን ሥርዐት ያየ ሰው፣ ኢብን ዓሹር የተነሡበትን ዓለም በሩቁ ያውቀዋል። በ1961 ዓመተ ምሕረት የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም የተዘጋጀውም በዚሁ ሥርዐት ባደጉ ሊቃውንት፣ በሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበር።

ዘጠነኛው መግቢያ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። አንድ የቁርኣን ዐረፍተ ነገር፣ በዐረብኛ ሰዋስውና የንግግር ጥበብ ሕግ ሁለት ወይም ሦስት ትርጉም መሸከም ከቻለ፣ ትርጉሞቹም ከአገባቡ ጋር ካልተጋጩ፣ ሁሉም የታሰቡ እንደሆኑ መቈጠር አለበት ይላሉ። ከሚያቀርቧቸው ምሳሌዎች አንዱ ስለ አንድ የነቢዩ ባልደረባ የሚነገረው ታሪክ ነው። ሰውየው ሶላት ላይ ሳለ ነቢዩ ቢጠሩት ሶላቱን ጨርሶ መጣ፤ ነቢዩም ምእመናን መልእክተኛው ሲጠራቸው እንዲመልሱ የሚያዘውን አንቀጽ አስታወሱት። አንቀጹ በቦታው የሚናገረው ወደ እምነትና ወደ ታዛዥነት ስለሚደረግ ጥሪ ቢሆንም፣ ቃሉ በስም መጠራትንም ስለሚችል ያንንም እንዲይዝ ተደረገ። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ ንባቡን ካነበበ በኋላ አንድም እያለ ፍች በፍች ላይ ሲደርብ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ፣ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም። እርግጥ ልዩነቱን መዘንጋት አይገባም። የአንድምታው መምህር የሚቈጥራቸው ፍችዎች በአብዛኛው ከመምህራን ሲወርዱ የመጡ ናቸው፤ የቱኒሱ ሊቅ ግን መስፈርቱን የሚያደርጉት ቋንቋው ራሱ የሚችለውን ነው። ስለዚህ ከእርሳቸው በፊት ማንም ያላነሣውን ፍች ለማንሣት ወደኋላ አይሉም።

በአራተኛው መግቢያ ከታላቁ የአንዳሉስ ሊቅ ከአሽሻጢቢ ጋር የገጠሙት ክርክር የአእምሯቸውን ነጻነት የሚያሳይ ሌላ ምስክር ነው። አሽሻጢቢ የሸሪዓን ዓላማዎች በሥርዐት ያጠኑ የ14ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ሲሆኑ፣ ኢብን ዓሹር በ1946 ስለ ሸሪዓ ዓላማዎች ላሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ዋና መምህራቸው ናቸው። ይሁን እንጂ አሽሻጢቢ ቁርኣን መጀመሪያ የተነገረው ላልተማሩ ዐረቦች በመሆኑ እነርሱ ሊያውቁት ከሚችሉት በላይ ዕውቀት ሊፈለግበት አይገባም ቢሉ፣ ደቀ መዝሙሩ አልተቀበሉም። መጽሐፉ ለሚመጡትም ትውልዶች ከሆነ፣ በየዘመኑ የሚደረስበት ዕውቀት ለትርጉሙ ሊረዳ ይገባዋል በማለት ምክንያቶቻቸውን በተራ ያቀርባሉ። በዚህም ሆኖ እያንዳንዱን አዲስ የሳይንስ ግኝት በቁርኣን ውስጥ አገኘነው ከሚሉት ጸሐፊዎች ጋር አይሰለፉም። ዕውቀቱ ቃሉን ለመረዳት ሲያስፈልግ ይገባል፤ ለጌጥ አይገባም።

ወደ ዋናው ተፍሲር ሲገባ ሥርዐቱ አይለዋወጥም። በየምዕራፉ መግቢያ ላይ የምዕራፉ ስሞች፣ በመካ ወይስ በመዲና እንደ ወረደ፣ በአወራረድ ተራው ስንተኛ እንደሆነ፣ የአንቀጾቹ ቍጥርና ምዕራፉ የሚያነሣቸው ዓላማዎች ይገለጻሉ። ከዚያ ሐረግ በሐረግ ይወርዳሉ። ይህ ቃል ለምን ቀደመ፣ ያኛው ለምን ኋላ ቀረ፣ መስተዋድዱ ለምን ተለወጠ፣ አንቀጹ ከፊተኛው ጋር በምን ተያያዘ እያሉ ይመረምራሉ። የሚከተሉት ንባብ በምሥራቁ ዓለም የተለመደውን ሳይሆን በቱኒዝያ የሚቀራውን፣ ከመዲናው ሊቅ ከናፊዕ በቃሉን በኩል የተላለፈውን ነው፤ ልዩነት ሲኖርም ሌሎቹን ንባቦች ይጨምራሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሱት አዝዘመኽሸሪን መሆኑ ራሱ ትምህርት አለው። አዝዘመኽሸሪ በንግግር ጥበብ ወደር የሌላቸው የ12ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ቢሆኑም፣ በሃይማኖት ትምህርታቸው የሙዕተዚላ ወገን ስለነበሩ በሱኒዎች ዘንድ ተወቅሰዋል። ኢብን ዓሹር በትምህርተ ሃይማኖቱ ይለዩአቸዋል፤ በሰዋስዉ ግን ያመሰግኗቸዋል። አንድ ሰው በአንዱ ነገር ስለ ተሳሳተ በሌላው አይሰማም የሚለውን ፈሊጥ አያውቁትም።

የዚህ አሠራር ፍሬ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ሲሻገር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በቁርኣን ውስጥ ምእመናት ሴቶች ጅልባብ የተባለውን ልብስ እንዲከናነቡ የሚያዝ አንቀጽ አለ። ኢብን ዓሹር በ1946ቱ መጽሐፋቸው፣ የአንድን ሕዝብ ልማድ በሌላ ሕዝብ ላይ እንደ ሕግ መጫን አይገባም የሚለውን መሠረተ ሐሳብ ካስቀመጡ በኋላ፣ ጅልባብ የዐረቦች ልማድ ስለነበረ ይህን ልብስ የማያውቁ ሕዝቦች በዚህ ትእዛዝ አይያዙም ይላሉ። የትእዛዙን ዓላማ ግን አይሰርዙም። እንዲህ የሚናገረው ከውጭ የመጣ ተቺ ሳይሆን የማሊኪ ሊቃውንት አለቃ የነበረ ሰው መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

በ1932 ሼኽ አልኢስላም ሆኑ። ይህ ማዕርግ በቱኒዝያ ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ የሐነፊዎች ብቻ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ከማሊኪዎች የመጀመሪያው ባለማዕርግ እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት የዘይቱና አስተዳዳሪነትም ተሰጣቸው። ክብሩ ግን ወዲያው ወደ መከራ ተለወጠ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1923 ባወጣው ሕግ ቱኒዝያውያን የፈረንሳይ ዜግነት እንዲወስዱ መንገዱን አቅልሎ ነበር። ሕዝቡ ይህን እንደ ክህደት ስለ ቈጠረው፣ ዜግነቱን ወስደው የሞቱ ሰዎች በእስላም መካነ መቃብር እንዳይቀበሩ በየከተማው ሁከት ተነሣ። በ1933 አገዛዙ ከሊቃውንቱ ፈትዋ ጠየቀ። ፈትዋው በይፋ ሳይወጣ ወሬው ቀደመ፤ ኢብን ዓሹር ለባዕድ አገዛዝ አመቻቹ ተባለ። በኋላ ዘመን መዛግብቱ ሲመረመሩ፣ የማሊኪ ሊቃውንት መልስ ዜግነቱን የወሰደው ሰው ተጸጽቶ ዜግነቱንና ጥቅሙን እንዲተው የሚጠይቅ፣ አገዛዙ ከተመኘው የጠበቀ መሆኑ ታውቋል። በጊዜው ግን ይህን የሚያዳምጥ አልነበረም። ተማሪዎቻቸው ሳይቀሩ ተነሡባቸው፤ የዘይቱናን አስተዳደር ለቀቁ። ዘመቻውን በጋዜጣ ከመሩት ወጣት ፖለቲከኞች አንዱ ሐቢብ ቡርጊባ የተባሉ የሠላሳ ዓመት ጠበቃ ነበሩ።

ሕዝብ ፊቱን ያዞረበት ሰው ምን ያደርጋል? ኢብን ዓሹር ራሳቸውን ለመከላከል ብዙ እንደ ጻፉ አይታወቅም፤ ተፍሲሩን ቀጠሉ። በ1945 እንደገና ወደ ዘይቱና አስተዳደር ተመልሰው እስከ 1952 ቆዩ። በነዚህ ዓመታት የዘይቱና ቅርንጫፎች በየአውራጃው፣ በአልጀርያም ጭምር፣ ተበራከቱ፤ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ በትምህርቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ አገኙ። ወጣት ሳሉ በብራና ያሰፈሩትን ምኞት በከፊል በተግባር አዩት ማለት ይቻላል። ነገር ግን የፓርቲዎች ፉክክር ትምህርት ቤቱን ወደ ውስጡ ዘልቆ ስለ ከፈለው፣ ሁለተኛው ሹመትም ያለ እረፍት ነበር።

መጋቢት 1956 ቱኒዝያ ነጻ ወጣች። ቡርጊባ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት ከአንድ በላይ ማግባትን የከለከለው የቤተሰብ ሕግ ታወጀ፤ የሼኹ ልጅ ሙሐመድ አልፋዲል፣ ራሳቸው የታወቁ ሊቅ፣ ከሕጉ ደጋፊዎች ወገን ነበሩ። አባትዬው በአዲሱ ሥርዐት የዘይቱና ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዓመት በዓመት እየተሸረፈ ሄደ። በ1961 በቱኒስ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ ፋኩልቲ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን የ1960 የጾም ጉዳይ መጣ። በፌብሩዋሪ ወር ቡርጊባ ባደረጉት ንግግር፣ አገሪቱ ከኋላ ቀርነት ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ ነቢዩ ወደ መካ ሲዘምቱ ባልደረቦቻቸው ጾም እንዲፈቱ እንዳዘዙ ሁሉ፣ የቱኒዝያም ሠራተኛ ምርት እንዳይቀንስ የረመዷንን ጾም መተው ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህም የሊቃውንቱን ድጋፍ ፈለጉ። ሐሳቡ ከላይ ሲታይ የኢብን ዓሹርን የራሳቸውን መንገድ የሚመስል ነበር፤ እርሳቸውም ዓላማን ከቃል በላይ የሚመለከቱ፣ ልማድ ሲለወጥ ሕግ ሊለወጥ ይችላል የሚሉ ሊቅ ነበሩና። ስለዚህ ብዙዎች ይስማማሉ ብለው ቢጠብቁ አያስገርምም።

አልተስማሙም። በሰጡት መልስ፣ ጾምን ለጊዜው ለመተው የሚያስችሉት ምክንያቶች ሕመም፣ ጉዞና የመሳሰሉት በሕጉ የታወቁ ችግሮች መሆናቸውን ገልጸው፣ በጠቅላላው ሥራ መሥራትን እንደ ምክንያት ሳይቀበሉ ቀሩ። በሬዲዮ ቀርበው ስለ ጾም የሚናገረውን አንቀጽ አንብበው ፕሬዚዳንቱን በግልጽ አስተባበሉ የሚል ትረካ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ትረካው በየተራኪው ይለያያል፤ ሁሉንም እንዳለ ማመን አያስፈልግም። የማያጠራጥረው ነገር የሚፈለገውን ፈትዋ አለመስጠታቸውና በዚያው ዓመት ከኃላፊነታቸው መነሣታቸው ነው። ሥራቸውን በጥሞና ያነበበ ሰው እንደሚያየው፣ አቋማቸው ከቀድሞው መንገዳቸው ያፈነገጠ አልነበረም። የጅልባቡ አንቀጽ የአንድን ሕዝብ ልብስ የሚነካ ነው፤ የጾሙ አንቀጽ ግን ከነምክንያቶቹ፣ ከነማካካሻው፣ በቃል ተዘርዝሮ የተቀመጠ ሥርዐተ አምልኮ ነው። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ የፖለቲካ ዝንባሌ ሳይሆን፣ ሦስተኛው መግቢያቸው አስቀድሞ የደነገገው ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ ለተያዘ ፍላጎት መጐተት ተፍሲር አይደለም። በ1933 የባዕድ መሣሪያ ብለው ዘመቻ ካካሄዱባቸው ሰዎች አንዱ በ1960 የራሳቸው መሣሪያ ሊያደርጓቸው መፈለጋቸው የታሪክ ምጸት ነው። ሼኹ ያኔ የ81 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

ከሥራ ተሰናብተው አልመርሳ በሚገኘው ቤታቸው፣ በአባቶቻቸው በተሰበሰቡት መጻሕፍት መካከል ተቀመጡ። የቀራቸው ጥቂት ነበር። ዓርብ ረጀብ 12 ቀን 1380 ዓመተ ሂጅራ፣ ይኸውም ዲሴምበር 30 ቀን 1960፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ተፍሲር ፈጸሙ። በማጠቃለያው ላይ ሥራው 39 ዓመት ከ6 ወር እንደ ፈጀ፣ በመካከሉም ሌላ ብዙ ሥራ እንዳቋረጠው መዝግበዋል። ቍጥሩ በጨረቃ ዓመት ስለሆነ በፀሐይ አቆጣጠር 38 ዓመት ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግመው ሹመት አግኝተው አጥተዋል፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን ካዩት ትውልድ ሆነው የአገራቸውን ነጻነት አይተዋል፤ ከተፍሲሩ ጐን ለጐንም የጥንቱን ባለቅኔ የበሻር ኢብን ቡርድን ግጥሞች አርመው ለኅትመት አብቅተዋል፤ የካይሮና የደማስቆ የዐረብኛ አካዳሚዎች አባልም ነበሩ። ከዘመናቸው ተርጓሚዎች መካከል የግብጹ ሰይድ ቁጥብና የሕንድ ክፍለ አህጉሩ መውዱዲ ተፍሲራቸውን በቀጥታ ለሰፊው አንባቢና ለእንቅስቃሴ ሲጽፉ፣ የኢብን ዓሹር ሥራ ሰዋስው ለተማረ አንባቢ የተጻፈ ስለሆነ ዝናው የተስፋፋው በዝግታ ነው። ጉድለቱም ይኸው ነው፤ አንዳንዱ አንቀጽ በሰዋስው ክርክር ውስጥ ገጽ ከገጽ ስለሚሄድ፣ ታጋሽ ያልሆነ አንባቢ ዓላማውን ሊያጣው ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐዘን ነበረባቸው። ከ1962 ጀምሮ የሪፐብሊኩ ሙፍቲ የነበሩት ልጃቸው ሙሐመድ አልፋዲል፣ ስለ ተፍሲርና ስለ ተርጓሚዎች ታሪክ ግሩም መጽሐፍ የጻፉት ሰው፣ በ1970 አባታቸውን ቀድመው ሞቱ። ሼኹ ራሳቸው ኦገስት 12 ቀን 1973 ዐርፈው በቱኒስ አልጀላዝ መካነ መቃብር ተቀበሩ። ከተፍሲሩ በሕይወት ሳሉ የታተመው ከፊሉ ብቻ ነበር። ሙሉው በቱኒስ የታተመው ከሞቱ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በመንግሥቱ ማተሚያ ድርጅት በአድዳር አትቱኒሲያ ነው። ሐቢብ ቡርጊባ በዚያን ጊዜ ገና ፕሬዚዳንት ነበሩ።